ሊዮናርዶ ሳይክል አልሠራም፦ ስለ ዳ ቪንቺ ለተጻፈው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ብዙ ሰው ሲቀባበለው የነበረውን ስለ ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ የተጻፈ ጽሑፍ እኔም አነበብኩት። የላከችልኝ ቅዳሜ ቅዳሜ ሥዕል የማስተምራት የ16 ዓመት ልጅ ናት። ሦስት ሳምንት ሙሉ የአያቷን እጅ ለመሳል ስትታገል የከረመች ልጅ። ከጽሑፉ ሥር እንዲህ ብላበታለች፦ «ቲቸር፣ ይሄ ሰውዬ ሲወለድ ጀምሮ ሁሉን ያውቅ ነበር ማለት ነው። እኔ ታዲያ ምን አደከመኝ?»

ይህቺ ጥያቄ ባትመጣ ኖሮ አንብቤ ዝም ብዬ አልፍ ነበር። ጸሐፊው ሊዮናርዶን ከልባቸው እንደሚወዱት ያስታውቃል። እኔም እወደዋለሁ። ወጣትነቴ ያለፈው ሥዕሎቹን እያየሁ በእርሳስ ስቀዳ ነው። ለዚህም ነው ያልሠራውን ሲያሸክሙት፣ የለፋበትን ደግሞ ሲያስቀሩበት ዝም ማለት ያቃተኝ።

ጽሑፉ በአጭሩ ይህን ይላል። ሊዮናርዶ ማንም ሳያስተምረው ሁሉን ከራሱ ያፈለቀ ሰው ነበር። ሄሊኮፕተርን፣ ታንክን፣ ፓራሹትንና ሳይክልን ፈልስፏል። ምስጢሩን ለመደበቅ በተገለበጠ ፊደል ጻፈ። አስከሬን በሌሊት እየሰረቀ፣ ከቤተ ክርስቲያን ተደብቆ የሰውን አካል አጠና። ሊቅ ስለነበር ሥራ ቶሎ ይሰለቸዋል፤ የጀመረውን አይጨርስም። ሥጋ አይበላም ነበር። ሞና ሊዛ ማን እንደሆነች ዛሬም አይታወቅም። በመጨረሻም በፈረንሳይ ንጉሥ እቅፍ ውስጥ ሞተ፤ ፈጠራዎቹም ዓለምን ቀየሩ። በተራ በተራ ልመልስ። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«ማንም አላስተማረውም» ከሚለው ልጀምር፤ ሌላው ስህተት ሁሉ የሚወለደው ከዚህ ነውና።

ሊዮናርዶ የተወለደው ኤፕሪል 15 ቀን 1452 ነው፤ ከፍሎረንስ ብዙ በማትርቀው ቪንቺ በምትባል ትንሽ ከተማ አካባቢ። «ዳ ቪንቺ» ማለት የቪንቺው ሰው ማለት ነው። አባቱ ሰር ፒየሮ ውል ጸሐፊ ነበር። እናቱ ካተሪና ትባላለች፤ ከአባቱ ጋር አልተጋቡም። በጊዜው ከጋብቻ ውጭ የተወለደ ልጅ የውል ጸሐፊዎች ማኅበር ውስጥ መግባት አይፈቀድለትም ነበር። ስለዚህ ለዚያ ሙያ የሚያዘጋጀውን የላቲን ትምህርት አልተማረም። ራሱም በማስታወሻው «ፊደል ያልቆጠርኩ ሰው» እያለ ስለ ራሱ ጽፏል። ጸሐፊው ይህችን ቃል ይዘው ነው ያልተማረ ያሉት። ግን ቃሉ የሚለው ላቲን አለማወቁን ነው።

በአሥራዎቹ ዕድሜ እያለ ፍሎረንስ ውስጥ አንድሬያ ዴል ቬሮኪዮ የሚባል የሥዕልና የሐውልት መምህር ወርክሾፕ ገባ። ይህ ቤት ምን ዓይነት ቤት እንደነበር ጸሐፊው አንድ ቃል አላሉም። እኔ ደግሞ ዋናው ነገር ይሄ ይመስለኛል። ሥዕል ይሳልበታል። ሐውልት ይቀረጽበታል። ነሐስ ይቀልጥበታል። ልጆቹ ቀለም ይፈጫሉ፣ ሳንቃ ያለሰልሳሉ፣ ብሩሽ ያጥባሉ። ከዚያ የመምህራቸውን ሥዕል ይቀዳሉ። ከዚያ ደግሞ ዓመታት አልፈው፣ እጃቸው ሲታመን፣ በትልቁ ሥዕል ጥግ ላይ ትንሽ ነገር እንዲሠሩ ይፈቀድላቸዋል። ዛሬ ፍሎረንስ ኡፊዚ ሙዚየም ውስጥ ያለውን «የክርስቶስ ጥምቀት» የሚለውን ሥዕል ተመልከቱ። በግራ በኩል ዳር ላይ ተንበርክኮ ልብስ የያዘው መልአክ የሊዮናርዶ እጅ ነው። አብዛኛው የቬሮኪዮ ነው። የተማሪና የመምህር እጅ አንድ ሳንቃ ላይ።

በ1471 የቬሮኪዮ ወርክሾፕ ለፍሎረንስ ካቴድራል ጉልላት ጫፍ የሚሆን ትልቅ የመዳብ ኳስ ሠርቶ አወጣ። ያንን የሚያህል ጉልላት ላይ ከባድ ነገር ማውጣት ቀልድ አይደለም። ጉልላቱን የሠራው ብሩኔሌስኪ ቀደም ብሎ የነደፋቸው የዕቃ ማንሻ ማሽኖች ነበሩ፤ ወጣቱ ሊዮናርዶም እነዚያን ማሽኖች አንድ በአንድ ሳላቸው። ካረጀ በኋላ እንኳ የዚያ ኳስ ብየዳ እንዴት እንደተሠራ አስታውስ ብሎ ለራሱ ማስታወሻ ጽፏል። በልጅነቱ ያየው ብየዳ ዕድሜውን ሙሉ አልወጣለትም።

በ20 ዓመቱ፣ በ1472፣ ስሙ የፍሎረንስ ሠዓሊዎች ማኅበር መዝገብ ላይ ገባ። ይህ ማለት በራሱ መሥራት ይችላል ማለት ነው። እሱ ግን ለተወሰኑ ዓመታት እዚያው መምህሩ ጋር ቆየ።

መማሩ በዚህ አላበቃም። ዕድሜው ወደ 40 ሲጠጋ ላቲንን እንደ ተማሪ ልጅ ቃላት እየዘረዘረ ማጥናት ጀመረ። ዝርዝሩ ዛሬም አለ፤ ገጽ በገጽ ቃል ብቻ። ሒሳብ ሲያቅተው የሒሳብ ሊቁ ሉካ ፓቾሊ ሚላን ሲመጣ ከእሱ ተማረ፤ በምላሹም ለፓቾሊ መጽሐፍ የጂኦሜትሪ ቅርጾቹን ሳለለት። መጽሐፉ በ1509 ታትሟል። እኔ ከሁሉ በላይ የምወደው ግን ሚላን እያለ ለራሱ የጻፈውን የሥራ ዝርዝር ነው። እኛ ገበያ ስንሄድ የምንይዘው ዓይነት ዝርዝር ነው። እገሌ የሚባለውን መድፈኛ ስለ ፌራራ ግንብ አሠራር ጠይቀው። ፖርቲናሪ የሚባለውን ሰው በፍላንደርስ አገር ሰዎች በረዶ ላይ እንዴት እንደሚሄዱ ጠይቀው። የውኃ ሥራ የሚያውቅ ሰው ፈልግና ቦይና ወፍጮ እንዴት እንደሚጠገን ያሳይህ። የሒሳብ መምህሩ ሦስት ማዕዘንን እንዴት ወደ አራት ማዕዘን እንደሚቀይር ያሳይህ። ሁሉም ጠይቅ፣ ጠይቅ ነው። ሁሉን ከራሱ የሚያፈልቅ ሰው ለምን ይሄን ሁሉ ሰው ይጠይቃል? ከራሱ የመጣው ነገር ጥያቄው ነው፤ መልሱን ግን ከባለሙያ፣ ከመጽሐፍና ከራሱ ዓይን ነው የለቀመው።

ሁለተኛው ነጥብ የፈጠራዎቹ ነገር ነው። ከሳይክሉ ልጀምር፤ ምክንያቱም እሱ ጨርሶ ስህተት ነው።

ሚላን አምብሮዚያና ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ኮዴክስ አትላንቲኩስ የሚባል የሊዮናርዶ ወረቀቶች ትልቅ ጥራዝ አለ፤ 1,119 ቅጠል ነው። በ1960ዎቹ ጥራዙ ለጥገና ተወሰደ። ተጣብቀው የኖሩ ወረቀቶች ሲላቀቁ በአንዱ ጀርባ ላይ ፔዳልና ሰንሰለት ያለው የሳይክል ሥዕል ታየ ተባለ፤ በ1974 ለዓለም ተነገረ። ነገር ግን የሊዮናርዶ ተመራማሪ የነበሩት ካርሎ ፔድሬቲ ያንኑ ወረቀት ከመላቀቁ በፊት፣ በ1961፣ በብርሃን እያሳለፉ አይተውት ነበር። ያዩት ሁለት ክቦችና ጥቂት መስመሮች ብቻ ነው። የሥዕሉም አሣሣል የሊዮናርዶን እጅ ፈጽሞ አይመስልም፤ እንደ ሕፃን ጭርጭር ነው። ዛሬ አብዛኛው ባለሙያ በኋላ ሰው እጅ የተጨመረ ነው ይላል። እውነተኛው የሳይክል ታሪክ የሚጀምረው በ1817 ጀርመናዊው ካርል ፎን ድራይስ በእግር እየተገፋ የሚሄድ ባለ ሁለት ጎማ ሲሠራ ነው፤ ፔዳሉ የመጣው ከዚያ ብዙ ዓመት ቆይቶ፣ ኋላ ጎማውን የሚያሽከረክረው ሰንሰለትም ከፔዳሉ በኋላ ነው። ጸሐፊው ይህን ሥዕል ከጽሑፋቸው አናት ላይ ለጥፈውታል። እባክዎ ያውጡት።

ሄሊኮፕተር የተባለው ነገር በ1480ዎቹ የሳለው ትልቅ ጠመዝማዛ ሸራ ነው። ሐሳቡ ውብ ነው፤ ሸራው ቶሎ ከዞረ አየሩን እንደ ብሎን እየበሳ ይወጣል ብሎ ነው ያሰበው። ግን የሚያዞሩት ሰዎች ናቸው። የሰው ጡንቻ ያንን ያህል ክብደት የሚያነሳ ጉልበት የለውም። ደግሞ ሸራው ወደ አንድ ጎን ሲዞር መቆሚያው ወደ ተቃራኒው ጎን መዞር ይጀምራል፤ የዛሬ ሄሊኮፕተር ጭራው ላይ ትንሿን ማራገቢያ የሚሸከመው ለዚህ ነው። በእሱ ሥዕል ላይ ይህን የሚያቆም ነገር የለም።

ታንኩም እንዲሁ። ክብ፣ እንደ ኤሊ ድንጋይ የተሸፈነ፣ ዙሪያውን መድፍ የተደረደረበት ጋሪ ነው። ውስጥ ያሉት ሰዎች እጀታ እያዞሩ ያንቀሳቅሱታል። የማርሾቹን ጥርሶች ብትከታተሉ ግን የፊቱ ጎማ ወደ ፊት፣ የኋላው ወደ ኋላ ነው የሚዞረው። አንዳንዶች ሆን ብሎ ያበላሸው ነው ይላሉ። እኔ ያን ያህል አልሄድም። ብዙ ቀን ወረቀት ላይ የሚያስብ ሰው ወረቀት ላይ ይሳሳታል። እና ይሄ ዓይነት የተሸፈነ የጦር ጋሪ ሐሳብ ከእሱ በፊትም ነበር። የሲዬና ከተማው መሐንዲስ ታኮላ የእሱ ትውልድ ሳይመጣ የጦርና የውኃ ማሽኖችን በመጽሐፍ ሞልቶ ሥሏል። ፍራንቼስኮ ዲ ጆርጆ ማርቲኒ የሚባለውን መሐንዲስማ በአካል ያውቀዋል፤ በ1490 አብረው ፓቪያ ሄደዋል፤ የዚህን ሰው መጽሐፍ ሊዮናርዶ በእጁ አስገብቶ ዳር ዳሩ ላይ ማስታወሻ ጽፎበታል። ያ መጽሐፍ ዛሬም አለ። አንድ ዘመን ሙሉ መሐንዲሶች እርስ በርስ ሲቀዳዱ፣ ሲያሻሽሉ ነው የኖሩት፤ ከመካከላቸው ግን እሱን በአሣሣል የሚያህለው አልነበረም።

ፓራሹቱ ላይ ግን ለጸሐፊው ግማሽ ነጥብ እሰጣለሁ። በ2000 አድሪያን ኒኮላስ የሚባል እንግሊዛዊ ዘላይ በሥዕሉ መሠረት ከሸራና ከእንጨት አሠርቶ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ከ3,000 ሜትር ላይ ዘለለበት፤ በእርጋታ ወረደ። ወደ መሬት ሲጠጋ ግን ፈትቶ በዘመናዊው ፓራሹት ነው ያረፈው፤ ያኛው 85 ኪሎ ገደማ ስለሚመዝን ይጫነዋል ብለው ፈርተው። በራሱ ዘመን የዘለለበት ሰው መኖሩን የሚያሳይ ነገር የለም።

የሚያሳዝነኝ ጸሐፊው የተዉት ነገር ነው። ሊዮናርዶ ስለ ፍትጊያ ያደረገውን ሙከራ አንድም ቦታ አላነሱም። ሳንቃ ላይ ግንድ አስቀምጦ፣ በገመድና በክብደት እየሳበ፣ ዕቃው ሲከብድ ፍትጊያው በዚያው ልክ እንደሚጨምር አየ። ደግሞ ያው ዕቃ በሰፊ ጎኑም ተኛ በጠባብ ጎኑም ቆመ ፍትጊያው እንደማይለወጥ አየ። ይሄ ዛሬ ልጆቻችን በፊዚክስ ክፍል የሚማሩት ሕግ ነው። ፈረንሳዊው አሞንቶን በ1699 ሲያቀርበው የሊዮናርዶ ወረቀት ሳይታተም እንደተቀመጠ ነበር። በ1960ዎቹ ማድሪድ ውስጥ በተገኙት ደብተሮቹ ላይ ደግሞ ፍትጊያን ለመቀነስ በኳስ የሚሠራ ኩሽኔታ አለ። የትኛውም ጋራዥ ገብታችሁ መካኒኩን ብትጠይቁት ኩሽኔታ ምን እንደሆነ ይነግራችኋል፤ ስሙም ከጣሊያንኛ የመጣ ነው። እንግዲህ የማይበር ሄሊኮፕተር ከዚህ ይበልጣል?

የተገለበጠው ጽሕፈት ላይ ብዙ አልቆይም። ሊዮናርዶ ግራኝ ነበር። እኔም ግራኝ ነኝ፤ በቀለም ስጽፍ መዳፌ የጻፍኩትን እየጠረገ ነው የሚሄደው። ከቀኝ ወደ ግራ የሚጽፍ ግራኝ ግን እጁ ንጹሕ ነው። ይህን ሲያደርግ ከልጅነቱ ለምዶት ይሆናል። ምስጢር ለመደበቅ ቢሆንማ አንዲት መስታወት የምትፈታው ነገር ምን ዓይነት ቁልፍ ነው? ለሌላ ሰው የሚሆነውን ጽሑፍ፣ ለምሳሌ ለጌቶች የሠራቸውን ካርታዎች፣ ማንም በሚያነበው በተለመደው አቅጣጫ ነው የጻፈባቸው።

አስከሬን ሰረቀ የሚለው ግን በጣም ይከነክነኛል። ሰውየውን ሌባ ማድረጉ ብቻ አይደለም፤ ያደረገውን ትልቅ ነገር ይሸፍናል።

በ1507 እና በ1508 መካከል ፍሎረንስ ውስጥ ሳንታ ማሪያ ኑኦቫ በሚባለው ሆስፒታል አንድ ሽማግሌ አገኘ። ሽማግሌው 100 ዓመት እንዳለፈው፣ ከድካም በቀር ምንም ሕመም እንደማይሰማው ነገረው። ከዚያ እዚያው አልጋው ላይ እንደተቀመጠ፣ ያለ ምንም ጭንቅ አረፈ። ሊዮናርዶ «የዚህ ጣፋጭ ሞት ምክንያት ምን እንደሆነ ለማየት» ብሎ አካሉን መረመረ። ሆስፒታሉ ውስጥ ነው፤ በፈቃድ። ያገኘውን ሲጽፍ የሽማግሌው ደም ሥሮች ግድግዳቸው ወፍሮ፣ መተላለፊያቸው ጠቦ፣ ተጠማዝዘው ነበር ይላል። ከዚያ ደግሞ የአንድ ሁለት ዓመት ሕፃን አካል አይቶ ሁሉንም ተቃራኒ ሆኖ አገኘው። የደም ሥር መጥበብን ከእርጅናና ከሞት ጋር አያይዘው ከጻፉት ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው። ቀጥሎም በ1510 ገደማ ፓቪያ ዩኒቨርሲቲ ከሚያስተምረው ወጣት ሐኪም ከማርካንቶኒዮ ዴላ ቶሬ ጋር ሠራ። ሐኪሙ በ1511 በወረርሽኝ ሞተ። ሊዮናርዶ በሕይወቱ መጨረሻ ላይ ለጎበኘው ሰው ከ30 በላይ አስከሬን መመርመሩን ነግሮታል። ይህንን የሚደብቅ ሰው ለእንግዳ አይናገርም።

ለጸሐፊው ፍትሐዊ ለመሆን አንድ ነገር አለ። ሮም እያለ፣ በ1515 ገደማ፣ አብሮት ይሠራ የነበረ ጀርመናዊ የመስታወት ሠራተኛ ለጳጳሱና ለሆስፒታሉ ከሰሰውና ምርመራው ተስተጓጎለበት። በዚህ በጣም ተናዶ ጽፏል። ችግሩ ግን የመጣው ሮም ውስጥ፣ ከጎረቤት ሰው ክስ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ከቤተ ክርስቲያን ተደብቆ ኖረ አያሰኝም።

እዚህ ላይ ስህተቶቹንም መናገር አለብኝ፤ ምክንያቱም የእሱን ወረቀት ሕይወት የሚሰጠው ይሄ ነው። በማኅፀን ያለውን ፅንስ የሳለበት ወረቀት በዓለም ከተሣሉት ሁሉ ልብ የሚነካ ነው፤ እንግዴ ልጁ ግን የላም ነው። የሰው ስላላገኘ ላም ላይ ያየውን አስገባ። የልብን ክፍሎች በሚለየው ግድግዳ ላይ በዓይኑ የማይታዩ ቀዳዳዎች አሉ ብሎ ጽፏል፤ የጥንቱ የግሪክ ሐኪም ጋሌን ስላለ ነው። ያው ሰው ግን ከበሬ ልብ ተነሥቶ፣ ደም ከልብ ሲወጣ በቫልቩ ጀርባ እንደ አዙሪት ተሽከርክሮ ቫልቩን እንደሚዘጋው ተረዳ። ይህንንም ለማየት የመስታወት ቅርጽ ማሠራትና በውኃ ውስጥ የሣር ዘር በትኖ የአዙሪቱን መንገድ መከተል አሰበ። ይህ አዙሪት በሙከራ የተረጋገጠው በ20ኛው ክፍለ ዘመን ነው። አንድ ገጽ ላይ የጥንት ስህተት ይደግማል፤ ሌላ ገጽ ላይ 400 ዓመት የሚቀድም ነገር ያያል።

ሥጋ አይበላም ያሉት ልክ ሳይሆን አይቀርም። ለዚህ የቆየው ምስክር በ1516 ከሕንድ ወደ ፍሎረንስ የተጻፈ ደብዳቤ ነው። ደብዳቤውን የጻፈው አንድሬያ ኮርሳሊ የሚባል ፍሎረንሳዊ ሲሆን፣ የጉጃራት ሰዎች ደም ያለው ነገር እንደማይበሉ ሲናገር «እንደኛው እንደ ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ» ይላል። ለእኛ አንባቢ የምትጣፍጥ ነገር ልጨምር፤ ይህ ኮርሳሊ በ1517 የንግሥት እሌኒን መልእክተኛ ማቴዎስን ይዞ ቀይ ባሕር ከገባው የፖርቱጋል መርከብ ጓድ ጋር የነበረ ሰው ነው።

አሁን ወደ ሚያናድደኝ ነጥብ። «ሊቅ ስለነበር ቶሎ ይሰለቸዋል፤ አይጨርስም።»

ያልጨረሳቸው ሥራዎች አሉ፤ አልክድም። በ1481 ለመነኮሳት ሊሠራ የተዋዋለውን «የሰብአ ሰገል ስግደት» በቡናማ ረቂቅ ትቶት ወደ ሚላን ሄዷል። ግን ሰለቸው የሚለው ከየት መጣ? ፈረሱን እንይ። የሚላኑ ገዥ ሉዶቪኮ ስፎርዛ ለአባቱ መታሰቢያ ትልቅ የነሐስ ፈረስ አዘዘው። ሊዮናርዶ ዓመታት ፈረሶችን በጋጣቸው እየሄደ ለካ፣ ሳለ። በ1493 ከ7 ሜትር በላይ የሚረዝመው የሸክላ ሞዴል ለሕዝብ ታየ። የቀረው ማቅለጥ ነበር። በ1494 የፈረንሳይ ጦር ሲመጣ የተዘጋጀው ነሐስ መድፍ እንዲሠራበት ተላከ። በ1499 ፈረንሳዮች ሚላንን ሲይዙ ቀስተኞቻቸው የሸክላውን ፈረስ ዒላማ መለማመጃ አደረጉት። ይሄ መሰልቸት ነው? ሰውየው ለሉዶቪኮ በጻፈው ደብዳቤ «ስለ ፈረሱ ምንም አልልም፤ ዘመኑን አውቃለሁ» ነው ያለው።

«የመጨረሻው እራት»ን ደግሞ ውሰዱ። ሚላን ሳንታ ማሪያ ዴሌ ግራትሲዬ ገዳም የምግብ አዳራሽ ግድግዳ ላይ፣ ከ1495 እስከ 1498 ገደማ የሠራው ነው። ወደ 9 ሜትር ይሰፋል። ሲሠራ በልጅነቱ ያየው ማቴዎ ባንዴሎ የሚባል ሰው ኋላ ጽፎታል። አንዳንድ ቀን ጎህ ሲቀድ የእንጨት መወጣጫው ላይ ወጥቶ እስኪጨልም ብሩሽ ከእጁ አይለይም፤ መብላትና መጠጣት ይረሳል። ከዚያ ሁለት ሦስት ቀን ምንም አይነካም፤ ግን በየቀኑ አንድ ሁለት ሰዓት እጁን አጣምሮ ሥዕሉን ሲያይ፣ ሲመረምር ይቆማል። ሌላ ቀን ደግሞ በቀትር ፀሐይ ከሚሠራበት ሌላ ቦታ እየሮጠ ይመጣና፣ አንድ ሁለት ጊዜ ብሩሹን አሳርፎ ይመለሳል። ይህን ያነበበ ሠዓሊ ሁሉ ራሱን ያያል። መሰልቸት እንዲህ አያደርግም።

እውነተኛውን ውድቀቱን ግን ጸሐፊው አላነሱትም። የግድግዳ ሥዕል በተለመደው መንገድ የሚሠራው ልስኑ እርጥብ ሳለ ነው። ቀለሙ ከልስኑ ጋር አብሮ ይደርቃል፤ ለዘመናት ይኖራል። ግን ፍጥነት ይፈልጋል፤ ልስኑ ሳይደርቅ መጨረስ አለብህ፣ መመለስ የለም። ሊዮናርዶ መመለስ፣ መደረብ፣ ማሰብ ይፈልጋል። ስለዚህ በደረቀ ልስን ላይ በዘይትና በእንቁላል ቀለም ሠራው። ቀለሙ ግድግዳውን አልያዘውም። ገና እሱ በሕይወት እያለ መላጥ ጀመረ። በ1652 መነኮሳቱ በር ሲያስከፍቱ የክርስቶስን እግር ቆረጡት። በ1943 ቦምብ አዳራሹን አፈረሰው፤ ሥዕሉ ያለበት ግድግዳ በአሸዋ ከረጢት ተደግፎ ስለነበር ቆመ። የመጨረሻው ጥገና ከ1978 እስከ 1999 ፈጀ። 21 ዓመት! ለተማሪዎቼ ስለዚህ ሥዕል ስነግራቸው የምጀምረው ከልስኑ ነው። በዓለም ያለ ትልቁ ሠዓሊ ቁሳቁስ ተሳስቷል።

ሞና ሊዛ ላይ አጭር ልሁን። ሊዛ ጌራርዲኒ ትባላለች፤ የፍሎረንሱ የሐር ነጋዴ የፍራንቼስኮ ዴል ጆኮንዶ ሚስት። በ2005 ሃይደልበርግ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ በአንድ የቆየ መጽሐፍ ኅዳግ ላይ ማስታወሻ ተገኘ። የጻፈው አጎስቲኖ ቬስፑቺ የሚባል የፍሎረንስ ሹም ነው፤ ቀኑ ኦክቶበር 1503። ሊዮናርዶ የሊዛ ዴል ጆኮንዶን ፊት እየሳለ ነው ይላል። በቃ። ራሱን በሴት መልክ ሳለ የሚለውን ወሬ መተው ነው። ከዚያ ይልቅ ጸሐፊው ፈገግታው እንዴት እንደተሠራ ቢነግሩን ምን ነበረበት? በአፏና በዓይኗ ጥግ አንድም ግልጽ መስመር የለም። ከፀጉር ክር የቀጠነ ቀለም በቀለም ላይ እየደረበ፣ ብርሃኑን ወደ ጥላ ሳያስታውቅ ያሻግረዋል። ሥዕሉን ደንበኛው አልተረከበውም፤ እሱ ግን ዓመታት ይዞት ዞረ፣ ፈረንሳይም አብሮት ሄደ።

በንጉሡ እቅፍ ሞተ የሚለው ደግሞ የሠዓሊዎችን የሕይወት ታሪክ የጻፈው ቫዛሪ ከሞቱ ከ30 ዓመት በኋላ ያወራው ታሪክ ነው። ሊዮናርዶ ሜይ 2 ቀን 1519 ፈረንሳይ፣ አምቧዝ ውስጥ ሞተ። ንጉሡ ቀዳማዊ ፍራንሷ በጣም ይወደው ነበር፤ ቤትና ደሞዝ ሰጥቶታል፤ ያ እውነት ነው። ቤተ መንግሥቱ በዚያ ሰሞን ሳን ዠርሜን አን ሌ ነበር፤ ከአምቧዝ የቀናት መንገድ። አጠገቡ የነበረው ተማሪው ፍራንቼስኮ ሜልዚ ለሊዮናርዶ ወንድሞች የሞቱን ደብዳቤ ሲጽፍ እንደ አባቴ ነበር፣ ሐዘኔን መግለጽ አልችልም አለ። ስለ ንጉሡ እቅፍ ምንም አላለም።

የመጨረሻው ነጥብ፣ ፈጠራዎቹ ዓለምን ቀየሩ የሚለው፣ ከሁሉ ያሳዝነኛል። እንዲያ ቢሆን ደስ ባለኝ። ሊዮናርዶ ከደብተሮቹ አንዱንም አላሳተመም። ሁሉን ለሜልዚ አወረሰው። ሜልዚ እስኪሞት በጥንቃቄ ጠበቃቸው፤ ስለ ሥዕል የተጻፈውንም ለቅሞ አንድ ላይ አደረገ። ያም ቢሆን በ1651 ነው ፓሪስ ውስጥ የታተመው። ሜልዚ ሲሞት ወራሾቹ ወረቀቶቹን ችላ አሏቸው። ተበተኑ። ፖምፔዮ ሌዮኒ የሚባል ቀራፂ ያገኘውን ሰብስቦ፣ እየቆረጠና እየለጠፈ በአዲስ ጥራዝ አደረጋቸው፤ የትኛው ገጽ ከየትኛው ቀጥሎ እንደነበር ጠፋ። ዛሬ ወደ 7,000 ገጽ ገደማ ቀርቷል። ብዙ ደግሞ ጠፍቷል። በዚህ መሃል ሐኪሙ ቬሳሊየስ በ1543 የራሱን የአናቶሚ (የሰው አካል ጥናት) መጽሐፍ አሳተመ፤ ሕክምናን የቀየረው ያ መጽሐፍ ነው። የሊዮናርዶ የልብ ሥዕሎች በዚያ ጊዜ በሣጥን ውስጥ ነበሩ። ቢታተሙ ኖሮ ምን ይሆን ነበር ብዬ ስንት ጊዜ አስቤያለሁ።

አሁን ግን በሣጥን ውስጥ አይደሉም። በእንግሊዝ ንጉሣዊ ስብስብ ያሉት የአናቶሚ ወረቀቶች፣ የኮዴክስ አትላንቲኩስ ቅጠሎች፣ ብዙዎቹ በስልክ ይታያሉ፤ በነፃ። ባለፈው ቅዳሜ ለዚያች ልጅ ለንደን ብሪቲሽ ሙዚየም ካለው አንዱን አሳየኋት። ማርያም ሕፃኑን ይዛለች፤ ሕፃኑ ድመት አቅፏል፤ ድመቷ ለማምለጥ ትታገላለች። በብዕር የተሠራ ትንሽ ወረቀት ነው። መስመር በመስመር ላይ ተደራርቦ የትኛው እግር የማን እንደሆነ ለመለየት ያስቸግራል። እንዲያ ሲዘበራረቅበት ወረቀቱን ገለበጠና፣ በጀርባው በኩል ሰርጎ ከሚታየው መስመር የሚፈልገውን ብቻ መርጦ እንደገና ሳለው። ሁለቱም ገጽ ዛሬ አለ።

ልጅቷ ስልኩን እያሰፋች፣ እያጠበበች ብዙ ቆየች። «ላጲስ አልነበረውም እንዴ?» አለችኝ። በቀለም ነው የሳለው አልኳት። ከዚያ የአያቷን እጅ የሳለችበትን ወረቀት ከቦርሳዋ አወጣች፤ ሦስት ሳምንት የተፋቀውን። ገለበጠችውና መስኮቱ መስታወት ላይ ለጠፈችው። እርሳስ ስጠኝ አለች።